ትልቁ ምድጃ ፈረሰ

ይድረስ ለማከብርህና ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ፣

ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህስ ተሻለህ ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጣ ታነክሳለህ? ባለቤትህስ ደህና ናት? ልጆቹ እንዴት ናቸው? በላክኸው ፎቶግራፍ ላይ ትልቁ ትከሻህ ላይ ደርሷል። ትንሿ ደግሞ ቁርጥ እማዬን ናት፣ ኩርፊያዋ ሳይቀር። እኛ ከሳል በቀር ደህና ነን፤ ሳሉም የዱቄት እንጂ የበሽታ አይደለም። እማዬ ዓይኗ ቢደክምም ጆሮዋ አልደከመም። ደብዳቤህ የደረሰ ቀን ሦስት ጊዜ አስነበበችኝና፣ ልጄ እንዲህ አሳምሮ አይናገርም፣ አንተ ነህ የጨመርክበት ብላ ተቆጣችኝ።

በደብዳቤህ ትልቁን ምድጃ እንዳልነካው አደራ ብለኸኛል። የውጭ ወታደሮቹ ይመለሳሉ፣ እዚህ አገራቸው ጋዜጣው ሁሉ የሚያወራው እሱን ነው ብለሃል። ዳር ዳር ማለት አላውቅበትም፤ አፍርሼዋለሁ። ሌላም የምነግርህ አለኝ፤ እሱ ከምድጃው ይከብዳል።

ወታደሮቹ ከሄዱ በኋላ ሰባት ወር ታግያለሁ። ያ ምድጃ ለስምንት መቶ ዳቦ የተሠራ ነው፤ ለግማሽ ብለህ አታነድደውም። ለመሞቅ አንድ ቀን ተኩል ይፈጅበታል፣ ከቀዘቀዘ ደግሞ ይሰነጠቃል። ሰፈሩ በቀን ዘጠና ዳቦ ቢገዛ ነው። የተረፈውን ለጎረቤት ዶሮዎች አደልኩ፤ መጨረሻ ላይ እነሱም ሲያዩኝ መሸሽ ጀመሩ። የአራት ማዕዘን ዳቦውን ቆርቆሮዎች ባለቤቴ ሽንኩርት ተክላባቸዋለች። የውሃው ፓምፕ በእነሱ ጄኔሬተር ነበር የሚሠራው፣ እሱንም ጭነውት ሄዱ፤ አሁን ውሃ የምንቀዳው እንደ ልጅነታችን ከወንዝ ነው። ካምፕ ያደረጉት ትምህርት ቤት አጥሩ ብቻ ቆሟል። በሰባተኛው ወር የምድጃው ጣሪያ ላይ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ወጣ። ያኔ ቆረጥኩ።

የድሮው ምድጃ ትዝ ይልሃል? ወገቡ አጭር፣ አፉ ጠባብ፣ አባባ «ሽማግሌው» ይለው የነበረው። ጠዋት የራሳችንን ዳቦ ካወጣን በኋላ የቀረው ሙቀት የሰፈሩ ነበር። ሴቶቹ ቡኮአቸውን በትሪ ይዘው ይሰለፋሉ፤ እንዳይምታታ እያንዳንዱ ቤት ምልክት ነበረው። ልብስ ሰፊዋ አዝራር ትጫንበታለች፣ የአናጺው ቤት ሚስማር፣ የጫማ ሰፊው ሚስት ደግሞ በባሏ ወስፌ ሦስት ቀዳዳ ትወጋበታለች። አንተ አንድ ቀን ተንኮልህ ተነሥቶብህ ሁሉም ቡኮ ላይ ሦስት ሦስት ቀዳዳ ወግተህ ጠበቅኸን። አባባ ጆሮህን ይዞ ይቅርታ እያስጠየቀ በየቤቱ ሲያዞርህ የሳቀው ጫማ ሰፊው ብቻ ነበር። ተዉት ልጁን፣ ለአንድ ቀን እንኳ የሰፈሩ ዳቦ ሁሉ የኔ ይሁን አለ።

ዳቦው እስኪበስል ወሬውም አብሮ ይበስል ነበር። ማን ታመመ፣ ማን ወለደ፣ የትኛው ድልድይ ተሰበረ፤ ወረፋው ላይ ለአንዷ ከተናገርክ እስከ ምሳ ሰዓት ቅያሱ በሙሉ ሰምቶታል። አባባ ለሰው መልእክት ሲኖረው ከዱቄቱ ቀና ሳይል ወደ በሩ ጮክ ብሎ መናገር ብቻ ነበር ሥራው።

ከዚያ ወታደሮቹ መጡ፤ አንተም አስተርጓሚያቸው ሆንክ። የስንቅ ኃላፊውን አስታውሰው፣ ከቋንቋችን ሁለት ቃል ብቻ የሚያውቀውን፣ ሰፈሩ «ቶሎ ቶሎ» ያለውን። ሜትሩን ዘርግቶ ለካና ሽማግሌው ይነሣ፣ ቦታው ለትልቁ ያስፈልጋል አለ። አንተ ተረጎምክ። አባባ እስከ ነገ ስጡኝ ብሎ ምድጃው ፊት በርጩማ ላይ ተቀመጠ፤ በማግሥቱ ሽማግሌው ፈረሰ። በአንተ ብቻ እንደማልፈርድ እወቅልኝ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ነጭ ሽርጥ ሲሰጡኝ መስታወት ፊት የቆምኩ ሰው ነኝ። ሴቶቹ የመጀመሪያው ሳምንት ትሪያቸውን ይዘው መጡ። በሩ ላይ የቆመው ወታደር መርዝ ይገባበታል ብሎ የውጭ ቡኮ ከለከለ። ሁለት ጊዜ ተመልሰው ሄዱ፤ ሦስተኛ አልመጡም።

አሁን ወደዚያኛው ነገር ልምጣ። ከአራት ዓመት በፊት ዓርብ አመሻሽ ላይ መጥተህ፣ ከነገ ንጋት ጀምሮ የዳቦው መኪና እስኪወጣ ድረስ ቅያሱ ይዘጋል፣ የሚያልፍ ሰው ላይ ይተኮሳል፣ አሁኑኑ ለሰፈሩ አዳርስ አልከኝ። እሺ አልኩህ። የነገርኩት ግን ለወተት ሻጯ ብቻ ነው። እስከ ክርኔ ዱቄት ነበርኩ፣ ሦስት መቶ ዳቦ ይጠብቀኝ ነበር፤ ለአንድ ሰው ከነገርኩ እንደ ድሮው ይዳረሳል ብዬ ነው። የሚያዳርሰው ወረፋው እንደነበረ፣ ወረፋው ከቀረ ደግሞ ሁለት ዓመት እንዳለፈው አላሰብኩም። ወተት ሻጯ ቤቷ በላይኛው መንገድ ነው፤ በቅያሱ ሳታልፍ ወደዚያው ሄደች። ጫማ ሰፊው በማግሥቱ ሱቁን ሊከፍት የመሣሪያ ከረጢቱን ይዞ እንደ ልማዱ በቅያሱ ወጣ። የሆነውን ታውቃለህ፤ ሬሳውን አብረን ነው ያነሣነው።

ያን ዕለት ነግረሃቸው አልነበረም ወይ ብለህ ጠየቅኸኝ። ነግሬያለሁ አልኩህ። አንተም አምነኸኝ ሁሉም ተነግሯቸዋል ብለህ ለሚስቱም ለወታደሮቹም ተናገርክ። እነሱም እየተነገረው ትእዛዝ የጣሰ ብለው በወረቀታቸው ጻፉት። ሰፈሩም ተቀበለው፤ ግትር ነበር፣ በራሱ ላይ አመጣው ተባለ። አራት ዓመት ሙሉ ዳቦ እየሸጥኩ ይህን ስሰማ ዝም አልኩ።

ምድጃውን ከአናጺው ጋር አፍርሰን ስንጨርስ ጡቡን የፈለገ ይውሰድ አልኩ። ቤቱ የተመታበት ሁሉ ጋሪ እየገፋ መጣ። በሦስተኛው ቀን የጫማ ሰፊው ሚስት ደጃችን ቆመች፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ረግጣው አታውቅም። መቶ ጡብ ስጠኝ፣ በቅያሱ በኩል ያለውን በሬን ልደፍነው ነው አለች። ላድርስልሽ ስላት እጅ አለኝ አለች። ቢሆንም ጋሪውን ገፋሁላት። እሷ ጭቃውን ስታቦካ እኔ መደርደር ጀመርኩ። አራተኛው መደዳ ላይ ስደርስ ነገርኳት፤ እናንተ ቤት አልመጣሁም፣ ሰውየው አልሰማም፣ የጣሰውም ትእዛዝ የለም አልኳት።

እጇን ከጭቃው ሳታወጣ፣ ካንተ በር እኛ በር ስንት እርምጃ ነው አለችኝ። ሠላሳ ይሆናል አልኳት። ሃያ አራት ነው፣ ቆጥሬዋለሁ አለች። ጭቃው እየደረቀ ነው፣ ጡቡን አኑር አለችኝ። እስከ መጨረሻው መደዳ ጭቃውን እያቀበለችኝ ደረደርኩ። ስጨርስ እጇን እየታጠበች፣ አሁን ለሰፈሩ ንገር፣ ግን በየቤቱ፤ ለአንድ ሰው ነግረህ እንዳትተወው አለች።

ሠላሳ አንድ በር አንኳኩቻለሁ፤ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ልብስ ሰፊዋ ሰምታ ሳትጨርስ ዘጋችብኝ። አብሮኝ ሲያፈርስ የነበረው አናጺ ከዚያ ወዲህ ሰላም አይለኝም። እማዬ ሁለት ቀን አኮረፈችኝና በሦስተኛው ሳህኑን ወደ እኔ ገፍታ ብላ አለችኝ። በተረፈው ጡብ ትንሽ ምድጃ ሠርቼ ባለፈው ረቡዕ አነደድኩት። ሁለት ትሪ መጣ። ሌላ ይምጣ አይምጣ አላውቅም።

የቀረው ያንተ ድርሻ ነው፣ ወንድም ጋሼ። ወረቀታቸው አንተ ያለህበት አገር ነው፣ ቋንቋቸውንም ታውቃለህ። ቢሮአቸው ሄደህ አልተነገረውም ነበር በልልኝ፤ በኔ አሳብብ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ስሜንም ጻፍ። የተስተካከለውን ወረቀት ካገኘህ ላከው፤ እምቢ ካሉህም እምቢ ማለታቸውን ጽፈህ ላክ። ይመለሳሉ ስለምትለው ግን፣ ቢመለሱም ቀድሞ የሚነሣው የሟቹ ጉዳይ ይሁን እንጂ የዳቦው አይሁን።

ባለቤትህን ሳምልኝ። ትልቁን በርታ፣ ትንሿን አታኩርፊ በልልኝ። እማዬ ጉልበቱን በሱፍ ይጠቅልል ብላለች። ባለቤቴም ልጆቼም ሰላም ብለውሃል። ከጫማ ሰፊው ቤት የያዝኩልህ ሰላምታ የለም፤ ሰላምታሽን ልጻፍለት ወይ ብዬ ሚስቱን ጠይቄያት ነበር። ወረቀቱን ራሱ ይዞ ከመጣ በሩ አሁን በላይኛው መንገድ በኩል ነው፣ ዞሮ ይግባ ብላለች።

ታናሽ ወንድምህ
ከዳቦ ቤቱ፣ ጥቅምት ፱ ቀን