የእማማ ጊኒ ፒግ ብቻዋን ስትቀር

ለውድ ወንድሜ ለፍሉሪን፣

እንደምን ከርመሃል? ጄኒፈርስ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ከትራክተሩ ስትወርድ የተመታው ጉልበትህ ተሻለው ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጣ ያስቸግርሃል? እዚያ በረዶው ከእኛ እንደሚብስ ሰምቼ ስለ ላሞቹም ስለ እናንተም አስባለሁ። እኔ ደህና ነኝ። አባባም ጤናው ደህና ነው፤ የደም ግፊቱን ኪኒን ሳይጨቀጭቁት ይውጣል። የምጽፍልህ በስልክ የማይነገር ጉዳይ ስላለ ነው፤ በእሱ በኩል ሳትሰማው ከእኔ እንድትሰማው ፈለግኩ።

እማማ ካረፈች በኋላ ሁለቱን ጊኒ ፒጎቿን፣ እነዚያን ጭራ የሌላቸው ድንቡሽቡሽ አይጥ መሰል እንስሶች፣ አባባ እንደያዛቸው ታውቃለህ። በሕይወት ሳለች «አይጦችሽ» እያለ ሲስቅባት የኖረ ሰው፣ ጠዋት ከራሱ ቁርስ በፊት ካሮት የሚከትፍላቸው ሆነ። ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ቡናማዋ ሞተችና ጥቁሯ ኔራ ብቻዋን ቀረች። ድሮ የፍሪጁ በር ሲከፈት ታፏጭ አልነበር? ማፏጨቷን ተወች። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትውላለች፤ ስመዝናት በየሳምንቱ ቀንሳ አገኛታለሁ።

በእንስሳት ሐኪሙ ዘንድ ስለምሠራ ሕጉን አሳምሬ አውቀዋለሁ፤ በአገራችን ጊኒ ፒግን ያለ ጓደኛ ማኖር ክልክል ነው። ሦስት ጊዜ ነገርኩት። «አንድ ባመጣ ይቺ ትሞትና ያኛዋ ትቀራለች። ለእሷ ደግሞ ሌላ ልፈልግ ነው። ሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው እኮ፤ መጨረሻ ላይ የሚቀረው ማን እንደሆነ አስበሽዋል?» አለኝ።

ኖቬምበር ላይ ወደ ካንቶኑ፣ ወደ ክልላችን መስተዳድር፣ የእንስሳት ጉዳይ ቢሮ ደወልኩ። እውነቱን ልንገርህ፣ የደወልኩት ለመክሰስ አልነበረም፤ ለሽማግሌ ሰው የተለየ መላ ይኖር እንደሆን ልጠይቅ ነው። ያነሳችው ሴት በትህትና ሰምታኝ የአባባን አድራሻ ስትጠይቀኝ ግን ሰጠኋት። ስልኩን መዝጋት እችል ነበር። አልዘጋሁም።

ዲሴምበር መጀመሪያ ላይ ዮሪማን የሚባል የቢሮው ሰው አባባ ቤት መጣ። እኔም ቅዳሜ ስለነበር እዚያው ነበርኩ። ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ፣ ኔራን አንስቶ አየ፣ ጻፈ። አባባ ከወንበሩ ሳይነሳ «ብቻውን የሚኖር ሁሉ የሚመዘገብ ከሆነ እኔንም ጻፈኝ እንግዲህ» አለው። ሰውየውም «ስለ እርስዎ ሕጉ ዝም ይላል፤ ለእርስዎም የሚሆን አንቀጽ ባገኝ ደስ ይለኝ ነበር» ብሎ መለሰለት። ለኔራ ጓደኛ እንዲፈልግ ስድስት ሳምንት ሰጠው፤ ለእንዲህ ያለው ጉዳይ ጊኒ ፒግ በውሰት የምትሰጥ ሴት ኢላንዝ አካባቢ እንዳለችም የነገረው እሱ ነው። ኔራ ስትሞት ውሰቱ ይመለሳል፤ ሰንሰለቱ እዚያ ላይ ያበቃል።

ይህንንስ አባባ ወደደው። አብረን ሄደን ጆሮው የተቀደደ፣ የተኮላሸ አንድ ሽማግሌ ወንድ መረጠ። «አስር አለቃ» ይለዋል። መጀመሪያ ተናከሱ፤ በአራተኛው ቀን ግን ጎን ለጎን ተኝተው ተገኙ። ኔራም መብላት ጀመረች።

ችግሩ ሌላ ነው። አባባ ለቢሮው የጠቆመችው ጎረቤታችን ባርብላ ናት ብሎ ደመደመ። አንድ ቀን በአጥሩ ላይ «ያቺ ፍጥረት ብቻዋን ታሳዝናለች» ብላው ኖሮ፣ ያንን ያዘ። ባርብላ እማማ ከሞተች ጀምሮ ሐሙስ ሐሙስ በቆስጣ የጠቀለለችውን ካፑንስ ይዛለት ትመጣና አብረው ይበሉ ነበር። በሩን አልከፍትላት አለ። ሳህኗን ምግቡ እንዳለ ደጃፏ ላይ አስቀምጦላት ተመለሰ። እኔ ይህን ሁሉ እያየሁ ከአንድ ወር በላይ ዝም አልኩ።

ጃንዋሪ ላይ ባርብላ ዳቦ ቤት አገኘችኝ። «ልጄ፣ አባትሽን ምን በደልኩት? ካጠፋሁ ይንገረኝና ይቅርታ ልጠይቀው» አለችኝ። ዳቦዬን ሳልገዛ በቀጥታ ወደ አባባ ሄድኩ።

ዱባ እየከተፈ ነበር። «አባባ፣ ለቢሮው የደወልኩት እኔ ነኝ» አልኩት። ቢላዋውን አስቀመጠ። «አንቺ ነሽ?» አለኝ። «እኔ ነኝ» አልኩት። እጁን ታጠበ፣ ባርኔጣውን አደረገ፣ አጥሩን ዞሮ ባርብላ ቤት ገባ። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆየ። ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ ሐሙስ ግን ካፑንሱ ተመልሷል። ከእኔ ጋር ግን መነጋገር አቆመ። ቅዳሜ ድርቆሽ ይዤ ስመጣ በሩን ይከፍትልኛል፤ እኔ እንስሶቹን ስመዝን እሱ ጋዜጣው ውስጥ ይገባል።

አምስት ሳምንት እንዲህ ሄድን። ትናንት ሚዛኑን ሳወጣ፣ ከጋዜጣው ቀና ሳይል «ተይው፣ እኔው መዝኛታለሁ። ሠላሳ ግራም ጨምራለች» አለኝ። ሚዛኑን ወደ ቦታው መለስኩት። ስለዚህ እሁድ እሁድ ስትደውልለት አደራህን ስለ እኔ እንዳታማልድ። ደህና መሆኑን ብቻ ጠይቀው። የቀረውን በራሱ ጊዜ ይናገረው።

ጄኒፈርን በብዙ ሰላምታ ሳምልኝ። ለትልቁ ልጅህ ለኮርሲን፣ የላከልኝ የላሞች ሥዕል ደርሶኝ ኩሽና ግድግዳዬ ላይ መሆኑን ንገረው፤ ትንሿን ሊናን ጉንጯን ሳምልኝ። ባርብላ «ያ ፖሞቼን ይሰርቅ የነበረው ልጅ ደህና ነው?» ብላ ሰላም ብላሃለች። አባባ ሰላም በይልኝ አላለኝም፤ እኔም እንደምጽፍልህ ገና አልነገርኩትም። ቅዳሜ እነግረዋለሁ።

እህትህ ኡርሲና

ትሩን፣ ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2019