በትኬት የተደረሰ ለቅሶ

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ ለእትዬ ዓይናለም፤

እንደምን ሰነበትሽ? ያ ሳልሽ ተወሽ ወይ? ክረምቱ ሲወጣ ቀለል ይልሽ ነበር፤ ዘንድሮም እንደዚያው አድርጎልሽ ይሆናል ብዬ አስባለሁ። የጋሼ ኃይለ ገብርኤል ጉልበት እንዴት ነው? ልጅሽ መዓዛ ትምህርቷን በርትታ ይዛለች? የጓዳው ጣሪያስ ዘንድሮም አፈሰሰ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እጄም እግሬም ደህና ነው፤ የጎደለኝን አንቺ ታውቂዋለሽ። እጄ መጻፍ ስላልለመደ ይህን ደብዳቤ ስጽፍ ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ስምንት ወር ሆነው። «ልጅሽ ሞተ ብዬ ስደውል እሺ፣ እሺ ብለሽ ዘጋሽው። እንባ ከሌለሽ መቃብሩ ላይ አትምጪ» ብለሽኛል። ከዚያ ወዲህ ስደውል መዓዛ ታነሳና እማዬ የለችም ትለኛለች። ከኋላዋ ግን ሳልሽን እሰማለሁ።

ያ «እሺ» እንዴት ከአፌ እንደወጣ ልንገርሽ። የዚያን ቀን ማለዳ ጓደኛዬ አበበችና ሁለት ሴቶች መርዶውን ይዘው መጡ። ያኔ የማስታምማቸው አሮጊት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ልባቸው ደካማ ነበር። ጩኸቴ ገና ከደረቴ ሳይወጣ ልጃቸው ሮጣ መጥታ እጇን አፌ ላይ ጫነችው። ፒያኖ፣ ፒያኖ፣ ቀስ በይ፣ እናቴ ትደነግጥብኛለች አለችኝ። ክፉ ሰው ሆና አይደለም፤ እሷም ታለቅስልኝ ነበር። እዚህ ጣልያን አገር ግን የሚለቀሰው በመሐረብና በጥቁር መነጽር ነው። ማታ አንቺ ስትደውዪ ስልኩ የነበረው አሮጊቷ ራስጌ ነው። ለዚህ ነው እሺ፣ እሺ ያልኩሽ። እንዳልመጣ ደግሞ የፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ወረቀቴ፣ ጊዜ አልፎ ነበር፤ ከወጣሁ መመለሻ የለኝም።

አሮጊቷ በየካቲት ዐረፉ፤ ሥራዬም ማደሪያዬም አብሯቸው ሄደ። ፒኜቶ ከሚባለው ሰፈር ከአበበች ጋር ገባሁ፤ አራት ሴቶች በአንድ ክፍል። ግድግዳው ስስ ነው፤ ስናስነጥስ እንኳ ጎረቤታችን በመጥረጊያ እንጨት ይደበድበዋል። እዚያም አላለቀስኩም።

አበበች ትኬት የምትሸጥበት ሉና ፓርክ አለ፤ ሰው ለመጫወትና ለመደንገጥ ገንዘብ የሚከፍልበት ቦታ ነው። እዚያ ለጽዳት አስቀጠረችኝ። የባለቤቱ የሲኞር ኦሬስቴ አያት በወጣትነታቸው አሜሪካ ተሻግረው፣ በባሕር ዳር በነበረ ትልቅ መጫወቻ አንድ በጋ ሠርተው ኖሯል። ሲመለሱ ይህንን አቋቋሙ። ዘጠና ዓመት ሞላው ተብሎ ዘንድሮ ሁሉም ነገር እንደዚያ ዘመን አሜሪካ ይሁን ተባለ። የእንጨት ፈረሶቹ አዲስ ቀለም ተቀቡ፤ ዘበኞቹ የገለባ ባርኔጣ ደፉ። የአያትየው ፎቶግራፎች በየግድግዳው ተሰቀሉ። በዚያ ዘመን ለትርዒት የማይቀርብ ነገር አልነበረም አሉ፤ ቤት ሆን ተብሎ ይቃጠልና እሳት አጥፊዎች ሲያጠፉት ሕዝብ ከፍሎ ያያል። ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት በመስታወት ሣጥን ውስጥ ሲሞቁ ይታያሉ። ከሩቅ አገር የመጡ ሰዎችም የሣር ጎጆ ተሠርቶላቸው ይታዩ ነበር። ሲኞር ኦሬስቴ እኔን እንዳየኝ ዘውድ ደፍተሽ፣ የአፍሪካ ንግሥት ሆነሽ የሰው መዳፍ አንብቢ አለኝ። የተጠመቅሁ ሰው ነኝ፣ ጥንቆላ አልገባም፣ መጥረጊያውን ወዲህ በል አልኩት።

አበበችን ብታያት! ወገቧን በገመድ ሸብበው፣ መሬት የሚጠርግ ቀሚስ አልብሰው፣ የሰጎን ላባ ያለው ባርኔጣ ጭነውባት የትኬት መስኮቷ አልበቃት አለ። መልስ ልትሰጥ ጎንበስ ባለች ቁጥር ላባው የሰው አፍንጫ ውስጥ ይገባል።

እዚያ ግቢ የሙታን ቤት የሚባል አለ። ትንንሽ ጋሪዎች በሐዲድ ላይ ሁለት ሁለት ሰው ጭነው ጨለማ ውስጥ ይገባሉ፤ አንዱ ጋ የእንጨት አፅም ብድግ ይላል፣ ሌላው ጋ የጨርቅ የሌሊት ወፍ ራስ ላይ ይወርዳል። በሚያዝያ አንድ ጠዋት፣ ገና ሳይከፈት፣ እዚያ ውስጥ የቆመውን የሬሳ ሣጥን አቧራ እጠርግ ነበር። ከሣንቃ የተሠራ የመጫወቻ ሣጥን ነው፤ ግን ሣጥን ነው። የልጄን የዮሲን ሣጥን እኔ አልነካሁትም። እጄ እዚያው ላይ ቀረ። ዙሪያዬን ባይ ሰው የለም፤ ግድግዳውም ወፍራም ነው። ስድስት ወር የዋጥኩት ያኔ ወጣ። ዮሲዬ ብዬ ጮህኩ፤ ደረቴን ደቃሁ፤ እናታችን ታወርደው የነበረውን ሙሾ የማስታውሰውን እያስታወስኩ፣ የረሳሁትን ከራሴ እየጨመርኩ አወረድኩት።

ለካ በሩ ተከፍቶ ኖሯል። ቀና ስል ጋሪ ከነሰው ፊቴ ደርሷል። አንድ ግዙፍ ሰውዬ ሚስቱ ጉያ ውስጥ ገብቶ እየጮኸ አለፈ። ከወጡ በኋላ ክሰሱልኝ ይላል ብዬ ስጠብቅ፣ ተመልሰው ሰልፍ ያዙ። ሲኞር ኦሬስቴ እየሮጠ መጣ። ያባርረኛል ስል መጥረጊያዬን ተቀበለኝና ነገም እንዲሁ ልታደርጊው ትችያለሽ ወይ አለኝ። ልብስ ሊሰጠኝ ነበር፤ ጥቁሬን አየና ተወው። ስምሽ ምን ማለት ነው አለኝ። ደስታ ማለት ያው መደሰት ነው አልኩት። ግንባሩን ይዞ፣ በይ ይህንን ለማንም እንዳትነግሪ አለኝ።

በልጅዋ ለቅሶ ደሞዝ በላች ትይኝ ይሆናል። እኔም ብዙ ቀን አስቤበታለሁ። ግን እናታችን ለሰው ስታለቅስ እህል በቁና አይሰፍሩላትም ነበር ወይ? ደግሞስ በዚህ ሁሉ ከተማ ጮኸሽ ብታለቅሺ ዝም በይ የሚል የሌለበት ቦታ ያ ብቻ ነው። ሲኞር ኦሬስቴ የሰጠኝን የሥራ ውል ይዤ ፔርሜሶዬን ላሳድስ ስሄድ ጸሐፊው ሥራሽ ምንድን ነው አለኝ። ማልቀስ አልኩት። ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ። ሲኞራ፣ እኛም እኮ እናለቅሳለን፣ ውል የሰጠን ግን የለም ብሎ ማኅተሙን መታልኝ።

አሁን ጉዱን ስሚ። በሐምሌ አንድ እሑድ አብረኸት የምትባል፣ ኤስኲሊኖ ሰፈር ሰው ቤት የምትሠራ ሴት፣ ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ ሦስት ጓደኞቿን ይዛ ልትዝናና መጣች። በሁለት ጋሪ ገቡ። ጨለማው መሐል በአማርኛ «ዮሲዬ፣ የኔ ለግላጋ» ሲባል ሰሙ። ሐበሻ ለቅሶ ሰምቶ ያልፋል? ጋሪው ሳይቆም ዘለው ወረዱ፤ ነጠላቸውን አዘቀዘቁና ሣጥኑን ከበው ተቀመጡ። አብረኸት እግዜር ያጥናሽ፣ ስንት ዓመቱ ነበር አለችኝ። አሥራ ዘጠኝ አልኳት። እንዴት ሳይነገረን፣ ሰው የለሽም እንዴ ብላ ተቆጣችኝ። ሥራ ላይ ነኝ አልኳት። ሥራ ላይ ይለቀሳል ወይ አለች። አዎ አልኳት። ይሁን ብላ ተቀበለችኝና ከእኔ በላይ ጮኸች።

ውጭ ደግሞ ጋሪዎቹን የሚያንቀሳቅሰው ሽማግሌ አራት ሰው አስገብቶ ሁለት ባዶ ጋሪ ተቀበለ። ሃያ ዓመት ሲሠራ እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም። አማተበና ማሽኑን አጥፍቶ ዘበኞቹን ጠራ። መብራት ሲበራ ነጫጭ የለበሱ ሴቶች በሬሳ ሣጥን ዙሪያ ሲወዛወዙ ቢያዩ፣ ከዘበኞቹ አንዱ የገለባ ባርኔጣውን ጥሎ ሮጠ። እስከ ዛሬ በዚያ ይስቁበታል።

በሚቀጥለው እሑድ የሮማ ሐበሻ መጣ፤ ኦርቶዶክሱም ካቶሊኩም። ንፍሮ በፌስታል፣ ዳቦ በመሶብ፣ ሁሉም ጋሪ ላይ እየተጫነ ገባ። አባ ተኽለብርሃን የሚባሉ ካቶሊክ ቄስ ደናግሎቹን አስከትለው መጡና፣ ልጄ እኔ ለቅሶ ልደርስ እንጂ ልጫወት አልመጣሁም ብለው መስኮቱ ላይ ተከራከሩ። አበበች ላባዋን እያርገፈገፈች፣ አባ ይፍቱኝ፣ ለቅሶም ቢሆን ያለ ትኬት አይገባም አለቻቸው። ቆረጡ። አፅሙ ብድግ ሲል በመስቀላቸው ባረኩት ብላ አንዷ እማሆይ ነገረችኝ። ሲኞር ኦሬስቴ ንፍሮውን ቀመሰና ጨው አንሶታል አለ። በኋላ ግን አሎራ፣ እንግዲያው፣ እንዲህማ አይሆንም ብሎ ሕግ አወጣ፤ እስከ አምስት ሰዓት ለቅሶ ደራሽ፣ ከአምስት ሰዓት በኋላ የሚደነግጥ ሰው።

የዚህ አገር በጋ እንዲህ አለፈ። የመጨረሻው ቀን ባለፈው እሑድ ነበር። ሣጥኑ አጠገብ ተቀመጥኩ፤ አብረኸት የተወችው ንፍሮ ጭኔ ላይ ነበር። አንዱን ስቆረጥም ዮሲ በልጅነቱ የሰፈሩን ድንኳን ሁሉ ለንፍሮ ሲል የሚዞረው ትዝ አለኝ። ጠዋት ተነስቶ «ዛሬ ማን ሞተ?» ይልሽ እንደነበር ጽፈሽልኝ ነበር፤ አንቺም ኪሱን ብትሰፊበት ሌላውን ኪስ ሞልቶ መጣ። ጨለማው ውስጥ ሳቄ መጣ። ብይዘው ብይዘው እምቢ አለኝ። ጋሪ ላይ የነበሩት ባልና ሚስት ከለቅሶዬ ይልቅ ሳቄን ፈሩት፤ ሴትየዋ አውርዱኝ ብላ ጮኸች። ሲኞር ኦሬስቴ ለከርሞ ትስቂያለሽ ብሎኛል።

እንግዲህ እትዬ፣ አልቅሻለሁ። ካላመንሽ ይህን ደብዳቤ የምታመጣልሽ አብረኸት ናት፤ ጠይቂያት። ሳትነግርሽ በፊት ታለቅሳለችና እንዳትደነግጪ።

አንድ ነገር ግን ዘግይቶ ገባኝ። ይህ ሁሉ ሰው ትኬት ቆርጦ፣ ከአፅም ጋር ተጋፍቶ እኔን ለቅሶ ደረሰኝ። እኔ ግን አንቺን አልደረስኩሽም። ወለድኩት እንጂ ያሳደግሽው አንቺ ነሽ፤ ያስታመምሽውም የገነዝሽውም አንቺ ነሽ። ስትደውዪልኝ አንቺም ሐዘንተኛ ነበርሽ፤ እግዜር ያጥናሽ አላልኩሽም፤ እሺ አልኩሽ። ፔርሜሶዬ እጄ ገብቷል፤ የአውሮፕላን ትኬቴን ቆርጫለሁ። ጥቅምት አራት እገባለሁ፤ ሙት ዓመቱ ስምንት ነው። መቃብሩ ላይ አትምጪ ብለሻልና ሳትፈቅጂልኝ አልሄድም። የምመጣው አንቺን ለቅሶ ልደርስ ነው። ለቅሶ ደራሽ ደግሞ ከደጅ አይመለስም።

ጋሼ ኃይለ ገብርኤልን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፤ ለጉልበታቸው የሚሆን ቅባት ይዤላቸዋለሁ። መዓዛን ሳሚልኝ፤ እማዬ የለችም ማለቷን ይቅር ብያታለሁ፤ ውሸት እንደማይሆንላት ንገሪያት። ጎረቤታችንን እማማ ወለተ ገብርኤልን ጤና ይስጥልኝ በያቸው። የሙት ዓመቱን ንፍሮ እኔ ሳልደርስ እንዳትቀቅሉት። ስንዴና ሽምብራውን ዛሬ ከፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ ገዝቻለሁ፤ እዚያ መኖሩን አውቃለሁ፣ ግን ባዶ እጄን አልመጣም። ሁለት ኪስ ሙሉ ለብቻው አስቀምጣለሁ።

ታናሽ እህትሽ ደስታ

ሮማ፣ ፒኜቶ
መስከረም ፳ ቀን ፲፱፻፹፱ ዓ.ም.