በትእዛዝዎ የተነሱት ሳንቃዎች

ለተከበሩ የቤቶች ልማት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በጓሯችን ያስደፉትን አፈር መልሰው እንዲወስዱልን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

አስቀድሜ ለጤንነትዎ፣ በተለይም ለቀኝ ጉልበትዎ፣ መልካሙን ሁሉ እመኛለሁ። ከሜዳችን ሲወጡ ትንሽ ያነክሱ ስለነበር ሰፈሩ በሙሉ እንዴት ሆነው ይሆን ሲል ሰንብቷል። እኔ ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፤ ነዋሪውን በጠሩበት የስብሰባ አዳራሽ እጁን አውጥቶ ብዙ የቆየው ሽማግሌ ብል ያስታውሱኝ ይሆናል። በአደባባይ የምጽፍልዎ ቀደም ሲል ወደ ቢሮዎ የላክኋቸው ደብዳቤዎች እንዳይጠፉ ተብለው እጅግ በጥንቃቄ የተቀመጡ ስለሚመስለኝ ነው፤ እስካሁን ማንም ሊያገኛቸው አልቻለም።

በሜዳችን ላይ ሊሠሩ ያቀዱትን አዲስ የመኖሪያ መንደር የተቃወምነው ልማት ስለምንጠላ እንደሆነ በሬዲዮ ሲናገሩ ሰምተናል። ስለራሳችን የማናውቀውን ስላሳወቁን እያመሰገንን፣ ቅሬታችንን በተራ እንድናቀርብ ይፍቀዱልን።

አንደኛ፣ ስለ ሜዳው። ከቤቶቻችን ጀርባ ያለው ሜዳ ከሰፈሩ ሁሉ ዝቅ ያለ ነው። ዝናብ ሲጥል ከየአቅጣጫው የሚወርደው ውሃ እዚያ ይጠራቀምና ቀስ እያለ ወደ ወንዙ ይሄዳል፤ ቤቶቻችን ደረቅ ሆነው የኖሩት እሱ ስለሚረጥብላቸው ነው። እርስዎ የጎበኙት በበጋ ነበር። መሬቱ ደርቆና ተሰነጣጥቆ፣ ልጆች ኳስ ሲራገጡበት አይተው፣ አሥራ ሁለት ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃዎች የሚችል ባዶ ቦታ ነው ብለው ወሰኑ። በስብሰባው ላይ ተነስቼ ውሃው ወዴት ይሂድ ብዬ ስጠይቅ፣ «አባባ፣ እኛ ውሃ የሚባል ነገር አላየንም፤ ይቀመጡ» አሉኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሌሎችን ተቀመጡ ስል የኖርኩ ሰው ነኝና ትእዛዝዎን አከበርኩ። ተቀመጥኩ። ተቀምጬም ክረምቱን ጠበቅሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ አፈሩ። ገልባጭ መኪኖችዎ የሜዳውን እኩሌታ በቀይ አፈር ሞሉት። የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲዘንብ ውሃው የለመደውን ቦታ ቢፈልግ አጣና ወደ ሰው ቤት ገባ። መጀመሪያ የገባው ዝቅ ብሎ ከተሠራው ከልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ቤት ነው። እናቷ አልጋ ከያዙ ዓመታት አልፈዋል። ልጅቱ ውሃው አልጋው እግር ስር ሲደርስ እናቷን ተሸክማ ጨርቅ በምትቆርጥበት ጠረጴዛ ላይ አስተኛቻቸው፤ እናትየውም መቀሱን አጠገባቸው ቢያዩት «ልትቆርጪኝ ነው እንዴ?» አሏት። ቤቱ ውስጥ የሳቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ተሰፍቶ ያለቀ የሙሽራ ቀሚስም ከግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ እስከ ወገቡ ቀላ። እናትየው እስከ ዛሬ የሚያድሩት እኔ ቤት ነው። የሚጠይቁኝም አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቤቴ የምገባው መቼ ነው ይሉኛል።

ለአቤቱታችን የሰጡትን ፈጣን ምላሽ ግን ሳላመሰግን አላልፍም። የላኩት ባለሙያ መጥቶ፣ ለክቶ፣ የቤቱ ወለል ዝቅ ያለ መሆኑን አረጋገጠና ቤቱን ከፍ እንድታደርገው መክሯት ሄደ። በየት በኩል ይዛ እንደምታነሳው ብቻ አልነገራትም።

ሦስተኛ፣ ስለ ሳንቃዎቹ። በሰፈራችን እያንዳንዱ ቤት የራሱ ሳንቃ አለው። ክረምት ሲገባ ሁሉም ሳንቃውን ያወጣና ከዝቅተኛው ቤት ጀምረን በየተራችን እየቀጣጠልን ጭቃውን እንድንሻገርባቸው እስከ ታክሲው መንገድ እንዘረጋቸዋለን፤ ሰው የሌላውን ሳንቃ ባለቤቱ ሳይኖር አያነሳም። ዘንድሮ የዘረጋናቸው በአፈርዎ ላይ ነበር። የመሠረት ድንጋዩ ሊቀመጥ ሲል ግን ድምፅ ማጉያ የጫነች መኪናዎ መጥታ፣ ለበዓሉ ውበት ሲባል ሜዳው ላይ የተጣሉ አሮጌ እንጨቶች በሙሉ እንዲነሱ አዘዘች። የሰፈራችን አናጺ፣ ሰዎቹ ይሰምጣሉ፣ እንንገራቸው አለ። እኔ ግን እኛ ተቀመጡ የተባልን ሰዎች ነን አልኩት። ሁሉም ሳንቃውን ይዞ ገባ። እናንተም አረንጓዴ ምንጣፍ አነጠፋችሁበት። ዝናቡም እንደ ልማዱ ዘነበ።

ምንጣፉ ጨዋ ነበር፤ ለጥቂት እርምጃ ተሸከመዎ። ከዚያ ቀኝ እግርዎ እስከ ጉልበት ገባ። ሊያወጡዎ የሮጡት ረዳቶችዎም በየቦታቸው ተተከሉ። አቁም ያለው ሰው ስለሌለ የማርሽ ባንዱ መንገድ ዳር ቆሞ መጫወቱን ቀጠለ። እርስዎ ሳንቃ እንዲመጣ ሲጣሩ አናጺው ባርኔጣውን አውልቆ፣ በትእዛዝዎ እንደተነሳ፣ አሁንም ካዘዙ ግን ከመጀመሪያዋ ባለተራ ጀምሮ እንደሚመለስ አስረዳዎ። የመጀመሪያዋ ባለተራ ልብስ ሰፊዋ ናት። ሳንቃዋን በትከሻዋ ይዛ መጣችና ከአፈሩ ጠርዝ ቆማ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ፣ «አፈሩ ይነሳል?» ብላ ጠየቀችዎ።

«ይነሳል፣ ይነሳል፤ አንቺ ብቻ አምጪው» አሉ።

አመጣችው። በእጅና በጉልበትዎ ተሻገሩ።

በማግስቱ ገልባጭ መኪኖችዎ ተጨማሪ አፈር ይዘው ሲመጡ እጅግ ገረመን። ጽሕፈት ቤትዎ በጭንቀት የተነገረ ነገር እንደ ቃል እንደማይቆጠር ገለጸልን። እናመሰግናለን፤ በጭንቀት ስለሚነገር ነገር ከእኛ ይልቅ አሁን እርስዎ ያውቃሉ።

እንግዲህ በትሕትና የምናሳውቅዎ የሚከተለውን ነው። የሰፈራችን የሠርግ ቪዲዮ አንሺ ከደጁ ቆሞ ሁሉንም ከነድምፁ ቀርጾታል። አንዱን ቅጂ ግንባታው እንዲታገድ ካቀረብነው ክስ ጋር ለፍርድ ቤት ሰጥተናል። ሌላውን በየቅዳሜው አመሻሽ በአናጺው ነጭ ግድግዳ ላይ እናሳያለን፤ ከሌላ ሰፈር የሚመጣው ተመልካች እየበዛ አግዳሚ ወንበር አጥሮናል። ልጆች ንግግርዎን በቃላቸው ይዘውታል፤ አንዱ እርስዎን፣ ሌሎቹ ምንጣፉን ሆነው ይጫወታሉ፤ እርስዎን ለመሆን ግን ይጣላሉ። ማሳየቱን የምናቆመው የመጨረሻው የአፈር ጭነት ሜዳውን ለቆ፣ እናትየው ቤታቸው የገቡ ዕለት ነው። እኔ ትዕግሥተኛ ሰው ነኝ። አንድ ትምህርት ያልገባው ተማሪ ሲያጋጥመኝ እስኪገባው ድረስ ደጋግሜ አስተምራለሁ።

ለሰጡን ጊዜ፣ ለሰጡን አፈር፣ ለሰጡንም የቅዳሜ መዝናኛ ከልብ እያመሰገንሁ፣ በደረቁበት ደህና ሆነው እንዲከርሙ የምመኝልዎ፣

በትእዛዝዎ የተቀመጠው
ጡረተኛ መምህር

ማሳሰቢያ፦ ቀኝ ጫማዎ ተገኝቷል። ልብስ ሰፊዋ አጥባ፣ ቤቷ ግድግዳ ላይ፣ ውሃው በደረሰበት ልክ ምስማር መትታ ሰቅላልዎታለች። መጥተው ሊወስዱት ይችላሉ፤ ሳንቃ ግን ይዘው ይምጡ።