በአንድ ዓይንሽ ያለቀስሽው

«በማስታገሻ ክኒን የጠፋ ራስ ምታት ስለሆነ በሽታ አይደለም፤ ሐዘን ነው። ምርመራ አያስፈልጋትም።»

ትሁኔ፣ ዓለሜ፤ ዳንግላ ያለው ሐኪም ካርድሽ ላይ የጻፈው ይህን ነው። አንዲት ፊደል አልጨመርኩም። ከተለየሽኝ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። የጓሮው ዛፍ ለከሰል ተቆርጦ ግቢው ብርሃን በብርሃን ሆኗል፤ ብርሃን እንዳይወጋሽ መስኮቱ ላይ የሰቀልሽውን ጥቁር ነጠላ ግን አላወረድኩትም።

ሁልጊዜ የራስሽን ግራ ወገን ብቻ ነበር የሚያምሽ። ሲብስብሽ ግራ ዓይንሽ ቀልቶ ያነባል፤ ቀኙ ደረቅ ነው። ለቅሶ ቤት ሴቶቹ «ትሁኔ ለዘመድ በሁለቱ፣ ለባዳ በአንዱ ታለቅሳለች» እያሉ ያሾፉብሽ ነበር። ትስቂ ነበር። እኔም ሳቅሁ። ዕድሜ ልኬን ኬሚስትሪ ያስተማርኩ ባልሽ፣ እንባ ለምን በአንድ ወገን እንደሚወርድ አልጠየቅሁም።

ዘንገና ሐይቅ ቁልቁለቱ ላይ ወድቀሽ ጉልበትሽ ሲያብጥ ኢንዶሜታሲን የሚባል ማስታገሻ ክኒን ታዘዘልሽ። በማግስቱ ራስ ምታቱ ተወሽ። ቀነሰልኝ አላልሽም፤ ጠፋ ነው ያልሽው። ዐሥር ቀን ሙሉ መስኮቱን ከፍተሽ እስከ እንጅባራ ገበያ በእግርሽ ሄድሽ። ክኒኑ ባለቀ ማግስት ሕመሙ ተመለሰ። ቀን በቀን መዝግቤ ለሐኪሙ ሰጠሁት፤ ወረቀቴን አጥፎ፣ የግራ ዓይንሽን እንባ የሐዘን ቆጥሮ ከላይ ያለውን ጻፈ።

ባለፈው ወር ካርዱን ባሕር ዳር ላለ የነርቭ ሐኪም አሳየሁት። በአንድ ወገን ብቻ ከሚያሙት ራስ ምታቶች መካከል በዚያ ክኒን ሙሉ በሙሉ የሚጠፋ አለ፤ እንዲያ መጥፋቱ ራሱ የበሽታው መለያ ነው አለኝ። ክኒኑ ጨጓራሽን እንዳይጎዳ እየጠበቀ፣ መጠኑን እየለካ ሐኪም ሊያክምሽ ይችል ነበር። የዳንግላው ሰው ማስረጃውን በእጁ ይዞ፣ በዚያው ማስረጃ ፈረደብሽ።

የወሰደሽ የሳንባ ምች ነው፤ በሐሰት አልከስም። ግን ከዚያ ጽሑፍ በኋላ አራት ዓመት ኖረሻል፤ አራቱንም ከነጠላው ጀርባ። የነፍስ አባታችን ይቅር በል ይሉኛል። አልልም።

ያን ዐሥር ቀን አልረሳውም፤ መስኮቱ ላይ ቆመሽ የሳቅሽውንም። የዚህ ደብዳቤ ግልባጭ ዛሬ ለሐኪሙ ይሄዳል። «ሐዘን» ያለውን ሰርዞ፣ የሕመምሽን ስም በገዛ እጁ ጽፎና ፈርሞ እስከ ኅዳር 12 ይመልስልኝ። ካለፈ፣ ካርድሽን አባዝቼ ክሊኒኩ በር ላይ ቆሜ ለሚገባው በሽተኛ ሁሉ አድላለሁ። በስልክ አላነጋግረውም፤ በጽሑፍ የበደለሽ በጽሑፍ ይመልስ።