የጫማ ካርቶን ስንቅ

ውዷ ሎሬ፣

አንቺ ከሄድሽ ወዲህ የሰፈራችን የዊልስደን ዛፎች አንዴ ለምልመው አሁን መልሰው መርገፍ ጀምረዋል። ዝናቡ እንደምታውቂው ነው። በአማርኛ የምጽፍልሽ በእንግሊዝኛ ስንከራከር ሁልጊዜ ታሸንፊኝ ስለነበር ነው። በአማርኛ ስትናደጂ ግን ቃሉ ይጠፋብሽና ትስቂ ነበር፤ ክርክሩም እዚያው ያበቃል። ዛሬ የምከራከረው ሰው የለኝም። ቤቱ ውስጥ ከሁሉ የከበደኝ ይኸው ነው።

የቤቱን ወሬ ልንገርሽ። የውሃ ማሞቂያው ቦይለር ተሠርቷል። ሥራዬን ታውቂያለሽ፤ ቀኑን ሙሉ የሌላውን ሰው ቤት ጥገና ስመረምር የምውል ሰው በራሴ ቤት ጠማማ ቧንቧ አላሳልፍም፤ ሠራተኛውን መልሼ አስመጣሁት። የመቃብርሽን ድንጋይ የቀረጹት ሰዎች ስምሽን አሳስተው ስለነበር ጮኼባቸው እንደገና ቀረጹት። አልቆጭም። ስምሽን እንኳ በትክክል መጻፍ ያቃተው ሰው መዶሻ ባይዝ ይሻላል።

በብረት መጥበሻሽ የሆነውን ደግሞ ስሚ። ከአያትሽ ወደ እናትሽ፣ ከእናትሽ ወደ አንቺ የመጣውን፣ «ሳሙና እንዳይነካው» እያልሽ የምትጠብቂውን ጥቁር መጥበሻ፣ ለቅሶ ከመጡት ሴቶች አንዷ ልትረዳን ብላ በሽቦ ፈትጋ እንደ ብር አንጸባረቀችው። ስንት ዘመን የተጠራቀመ ጥቁረት በአንድ ከሰዓት በኋላ ወደ ቧንቧ ወረደ። በእሷ ላይ ግን መጮህ አልቻልኩም። ፊቷ ላይ «አጸዳሁላችሁ» የሚል ደስታ ነበር። ወደ ጓሮ ወጥቼ ቆምኩ።

ከጓሮ ስመለስ አንድ የተማርኩ ነኝ ባይ የአገሬ ሰው ሳህኑን ይዞ ይሰብካል። «መቼም አሜሪካኖች ደጎች ናቸው፤ ታሪክና ባህል ግን የላቸውም። ሁለት መቶ ዓመት ምን ታሪክ ነው?» ይላል። የሚጎርሰው ጎመን እህትሽ ዴኒስ ከቺካጎ መጥታ፣ እያለቀሰች፣ በተጨሰ የቱርክ ዶሮ ሥጋ ያበሰለችው ነበር። እንዲያ ያለ ጎመን በአንድ ቀን ተፈልስፎ የሚመጣ ይመስለዋል! ተናገርኩት። የባሪያ ንግዱን፣ የጥጥ እርሻውን፣ ከደቡብ ወደ ሰሜን የተሰደደውን ሕዝብ፣ አንቺ ስትነግሪኝ እኔ «ማስረጃው የታለ?» እያልኩ የተከራከርኩሽን ሁሉ፣ እንደ ራሴ ታሪክ አድርጌ ለቀቅኩበት። ሰውዬው ሳህኑን አስቀምጦ ሄደ። ብታዪኝ ትስቂ ነበር።

ከአውቶቡስ ፌርማታው የመጡትንም አልረሳቸውም። ለንደን ውስጥ ሰው ጎረቤቱን ሳያውቅ ይሞታል፤ አንቺ ግን ፌርማታ ላይ ከቆመው ሁሉ ጋር ታወሪ ነበር። «በእኛ አገር ዝም ብሎ መቆም ነው ነውሩ» ትዪኝ ነበር። እኔ አፍሬ ስልኬን አያለሁ። የቀብርሽ ዕለት ስማቸውን የማላውቃቸው ሰዎች፣ የጽዳት ሠራተኛዋ፣ ሕፃን የያዘችው ፖላንዳዊት፣ ባለ ምርኩዙ ሽማግሌ፣ መጥተው ከኋላ ቆሙ። ሽማግሌው «እሷ ነበረች ጠዋት የምታናግረኝ» አለኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሩት ሄደች። ልጃችን ቺካጎ ነው ያለችው።

በሰኔ ነው የነገረችኝ፤ ለማስተርስ አፕላይ አድርጋ አልፋለች። አንቺ ያወረስሻት ፓስፖርት ስላላት ቪዛ እንኳ አላስፈለጋትም። ምን እንዳልኳት ልንገርሽ፤ ከእኔ ስሚው። «እናትሽ ጥላው የወጣችውን አገር ምን ልታደርጊ?» አልኳት። የጦር መሣሪያውን፣ የሐኪም ቤት ዕዳውን፣ ፖሊሱን ደረደርኩላት። ሩት የአንቺ ልጅ ናት፤ ቁጭ ብላ ሰማችኝና «ዳድ፣ ሲሪየስሊ? ማም አገሯን አልጠላችም። አንተን ወዳ ነው የቀረችው» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ክረምቱን በሙሉ በአንድ ቤት ውስጥ እንደ ሁለት ተከራይ ኖርን። እሷ ስትገባ እኔ እወጣለሁ። ልጄ እንዲህ አኩርፋኝ ልትሄድ ነው፤ እኔ ደግሞ «እግዚአብሔር ይከተልሽ» የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣ አለ። ብላት እንድትሄድ የፈቀድኩ መሰለኝ። ባልላት ደግሞ እንዳንቺ ሳልሰናበታት ልትቀር ነው።

የጫማ ካርቶኑ ትዝ ያለኝ ያን ሰሞን ነው።

ወደ ብራይተን በባቡር ስንሄድ እንኳ ካርቶን ትቋጥሪ ነበር። የተጠበሰ ዶሮ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ቁራጭ ኬክ፣ በጫማ ካርቶን ውስጥ፣ በሲባጎ ታስሮ። ባቡሩ ሳይንቀሳቀስ አይከፈትም። ሽታው ፉርጎውን ሲሞላው እንግሊዞቹ ጋዜጣቸውን ከፍ ያደርጋሉ፤ አንቺ ደግሞ አጠገብሽ ለተቀመጠው «ክንፍ ወይስ እግር?» ትያለሽ። «ጣቢያው ሁሉ ሳንድዊች የሚሸጥበት አገር ምን አስቸገረሽ?» ብዬ ስነጫነጭ ነው የአያትሽን መንገድ የነገርሽኝ። ልጅ ሆና ከሚሲሲፒ ወደ ቺካጎ በባቡር ስትሄድ፣ ባቡሩ ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ ያለው ምግብ ቤት ነበረው። ለእሷና ለእናቷ ግን ጥቁሮች ስለሆኑ አይፈቀድም። ስለዚህ እናቷ በጫማ ካርቶን ቋጠረች። ክልከላው ከቀረ በኋላም ቤተሰባችሁ ካርቶኑን አልተወም።

እናቴ በስልክ ስትሰማ አልገረማትም። «ስንቅ ሳይዝ የሚወጣ መንገደኛ ደግሞ ምን ዓይነት ነው?» አለች። አንቺም «ስንቅ» የሚለውን ቃል ከዚያ ቀን ጀምሮ ያዝሽው። እኔ ግን ልዩነቱ ያናድደኝ ነበር፤ ዛሬም ያናድደኛል። የእኛ ሰው ስንቅ የሚይዘው መንገዱ ላይ ምግብ ስለሌለ ነው። የእናንተ ሰው የያዘው ምግቡ ፊቱ እየቀረበ፣ እየሸተተው፣ ስለተከለከለ ነው።

ሩት የምትሄደው ዓርብ ማታ ነበር። ከዋዜማው ዶሮውን ገዝቼ በአሬራ ዘፍዝፌ አሳደርኩት፤ አንቺ እንዲያ ስታደርጊ አይቻለሁ። ዓርብ ጠዋት ያንን የተፈተገ መጥበሻ አውጥቼ ዘይት አጠጣሁትና መጥበስ ጀመርኩ። ዓርብ ደግሞ እጾማለሁ። ዶሮ ቀርቶ መረቁን አልቀምስም። እናቴ ብትሆን ሳትቀምስ በጠረኑ ብቻ መጣፈጡን ታውቅ ነበር፤ እኔ በመልኩ ፈረድኩ። መልኩ ያምራል። ሩት ከክፍሏ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። ካርቶኑን አየችና ሲባጎ ፍለጋ መሳቢያ መክፈት ጀመረች።

ኤርፖርት ያደረሰን ኑረዲን ነው፤ ያ ታክሲ የሚነዳው፣ ኤድመንተን ሰፈር የሚኖረው ጓደኛዬ። ካርቶኑን ገና ሲያይ «ምንድን ነው የሚሸተው? ሐላል ነው?» አለ። ከዋናው ጎዳና ከሃይ ሮዱ ሐላል ሥጋ ቤት እንደገዛሁት ስነግረው «እንግዲያው ነዳጁን ተወው፣ አንድ እግር ቋጥርልኝ» አለ። ሩት «ባቡሩ ሳይንቀሳቀስ አይከፈትም፣ ጋሼ» አለችው። «የምን ባቡር? ልጄ፣ በአውሮፕላን አይደል እንዴ የምትሄጂው?» ከሰኔ ወዲህ ሩትና እኔ አብረን የሳቅነው ያኔ ብቻ ነው።

መለያያው በር ላይ ስንደርስ ያሰብኩትን ቃል ሁሉ ረሳሁት። አፌ ውስጥ የቀረው የጉምሩክ ሕግ ነበር። «አሜሪካ ከውጭ የመጣ ዶሮና እንቁላል አያስገቡም፤ አንብቤዋለሁ። ከማረፍሽ በፊት ጨርሺው» አልኳት። ልጄን የሸኘሁበት ቃል ይኸው ነው። እሷ ግን ካርቶኑን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛ «አባዬ» አለችኝ። «ዳድ» አይደለም፤ «አባዬ»። ዞራም ሄደች።

በማግስቱ ደወለች። አውሮፕላኑ ሲነሣ ሲባጎውን ስትፈታ አጠገቧ የተቀመጡት አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት ባልቴት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ አለች። እናታቸው እንደዚያው ትቋጥርላቸው ነበር። «ማን ሠራልሽ?» አሏት። «አባቴ፤ ኢትዮጵያዊ ነው» አለቻቸው። ሩት አንቺ ያስተማርሻትን «ክንፍ ወይስ እግር?» ጠየቀቻቸው። ሴትዮዋ እግሩን ገመጡና «የኔ ልጅ፣ አባትሽን እግዚአብሔር ይባርከው፤ ጨው የሚባል ነገር ግን ሰምቶ ያውቃል?» አሏት። ከአውሮፕላኑ እራት ጋር የመጣውን የጨው ጥቅል ቀደው፣ እየነሰነሱ፣ ሁለቱ ሳያርፉ ጨረሱት። አያትሽ ወደ ቺካጎ ስትሄድ ምግብ ተከለከለች፤ ለእኛ ልጅ ግን የጎደለውን ጨው አስተናጋጇ ሰጠቻት።

ሩት እየሳቀች ነበር የምትነግረኝ። ከዚያ ድንገት ድምፅዋ ተለወጠና «ዳድ፣ ማም ጨዉን መቼ ነበር የምትጨምረው? አሬራው ውስጥ ነው ዱቄቱ ውስጥ?» ብላ ጠየቀችኝ።

አላውቅም፣ ሎሬ። ጎንሽ ቆሜ ስንት ጊዜ አየሁ፤ አላውቅም። ስለ ሚሲሲፒ ስከራከርሽ እጅሽን አላየሁም። እህትሽ ዴኒስን ጠየቅኳት፤ እሷም የራሷ አሠራር ነው ያላት፣ የአንቺን አታውቅም። እዚህ አገር ላይ የተናደድኩባቸው ነገሮች ብዙ ናቸው፤ እንደዚህ ያናደደኝ የለም፤ የምጮህበት ሰው እንኳ የለውም።

ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጾም ውጭ ሲሆን እጠብሳለሁ። አንድ ጊዜ አሬራው ውስጥ፣ አንድ ጊዜ ዱቄቱ ውስጥ፣ ባለፈው ሳምንት ደግሞ ከዘይት ሲወጣ ገና ትኩስ እያለ ነሰነስኩበት። እቀምሳለሁ፤ የአንቺ አይደለም። የተረፈውን ለኑረዲን እወስድለታለሁ፤ እሱ ሁሉንም «አሪፍ ነው» ይላል፤ ምላሱ አይታመንም። መጥበሻው ግን ከዳሩ ጀምሮ እንደገና መጥቆር ይዟል።

የአንቺ የሆነ ቀን አውቀዋለሁ። ያን ቀን ለሩት እደውልላታለሁ፤ መለያያው በር ላይ ያላልኳትንም ቃል ያን ጊዜ እላታለሁ። እስከዚያው በየቅዳሜው እጅሽን ለማስታወስ እሞክራለሁ፤ አልተውም።

ባልሽ