እናቴ መኪናዬ ውስጥ ስለ መተንፈሷ

ለተከበሩ የተሽከርካሪ ምርመራ ጣቢያ ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ በቅድሚያ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እያልኩ፣ የቢሮዎ መስኮት ሁልጊዜ ወለል ብሎ እንዲከፈትልዎ፣ ንጹሕ አየርም እንዳይለይዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ የመኪና ወንበር ልብስ ሰፊ ነኝ። ሦስት ማክሰኞ ግቢዎ ውስጥ፣ መኪናዬ ውስጥ ተዘግቼ ስለዋልኩ ያውቁኝ ይሆናል፤ ባያውቁኝም አልፈርድብዎትም፤ መስታወቱ ጭጋግ ለብሶ ስለነበር ከውጭ አልታይም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ ኩላሊቷ ደክሞባት ማክሰኞና ዓርብ ሆስፒታል ሄዳ እጥበት ታደርጋለች። ዓርብ ዓርብ ጎረቤታችን ዳቦ ጋጋሪው በማከፋፈያ መኪናው ያደርስልኛል፤ ማክሰኞ የእኔ ነው። የመኪናዬ የምርመራ ጊዜ ሲያልፍ ጣቢያዎ ቀጠሮውን ማክሰኞ ጠዋት አደረገው። ያለ ምስክር ወረቀት ወደ ጣቢያዎ ካልሆነ በቀር የትም መንዳት አይፈቀድም፤ ስለዚህ ምርመራውን ጨርሰን በዚያው ሆስፒታል እንግባ ብዬ እናቴን ይዣት መጣሁ። ቅሬታዬ ከዚህ በታች በተራ ቁጥር ቀርቧል።

1ኛ. ለጽሕፈት ቤትዎ የንባብ ችሎታ ያለኝ አድናቆት ወሰን የለውም። ቀኑ እንዲለወጥ፣ ካልሆነም ቅድሚያ እንዲሰጠኝ ባስገባሁት ማመልከቻ ስለ እናቴ ካስረዳሁ በኋላ «ማክሰኞ እጥበት ስላለባት» ብዬ ነበር። ጸሐፊዎ ሲገለብጡት «ማክሰኞ እርጥበት ስላለበት» ሆኖ ወጣ። አንዲት «ር» ገባች፣ «ባ»ዋ «በ» ሆነች፤ በሽታው ከእናቴ ወርዶ መኪናዬ ላይ ወጣ። ውሳኔውም «ባለንብረቱ እርጥበት መኖሩን በጽሑፍ ስላመኑ መስታወቱ በጥብቅ ይታይ» የሚል ሆነ። ላስተካክል ብዬ ስሄድ፣ እርማት መጠየቅ የሚችለው ምርመራውን ያለፈ ባለንብረት ብቻ መሆኑን በትሕትና ነገሩኝ። እኔም በትሕትና ወደ መኪናዬ ተመለስኩ።

2ኛ. የግቢዎን ደንብ ማን እንዳረቀቀው ባውቅ እጁን በሳምኩ። ተራ የሚጠብቅ ሰው ሞተሩን ያጠፋል፣ መስኮቱን ይዘጋል፣ ከመኪናው አይወርድም። ዝናቡ ውጭ ይወርዳል፤ እናትና ልጅ ውስጥ ለአራት ሰዓት ይተነፍሳሉ። ጣራው ላይ የቋጠረው ውሃ አንገቴ ላይ ጠብ ይላል፤ በእጅጌዬ ስጠርገው ተመልሶ ይቋጥራል። ተራችን ሲደርስ መርማሪዎ መስታወቱን በጣታቸው ጫር አድርገው፣ ጣታቸውን አይተው «አልቦታል» ብለው ጻፉ። የወደቀ መኪና ወደ ጋራዥ እንጂ ወደ ሆስፒታል አይሄድምና እናቴን በሰው መኪና ለምኜ አደረስኳት። ማሽኗ ለሌላ በሽተኛ ተሰጥቶ ነበር።

3ኛ. በሳምንቱ መኪናዬን ለማድረቅ ያልሆንኩት የለም። ምንጣፉን ነቅዬ ፀሐይ ብልጭ ባለች ቁጥር አሰጣሁ፤ የተሰነጣጠቀውን የበር ጎማ ቀየርኩ፤ ከፊት መስታወቱ ሥር ቅጠል የደፈነውን የውሃ መውረጃ በሽቦ ጠረግሁ፤ ወንበር ሥር ጋዜጣ አነጠፍኩ፤ እርጥበት ይጠጣል ስላሉኝ ጨው በካልሲ ቋጥሬ ደረደርኩ። እናቴ ካልሲዎቹን አይታ የማን እግር ጠፍቶ ነው ብላ ሳቀችብኝ። እስከ ጣቢያዎ በር ድረስ መኪናዬ እንደ ብስኩት ደረቅ ነበር። ከበሩ ወዲህ ግን ያው ሞተር ማጥፋት፣ ያው መስኮት መዝጋት፣ ያው መተንፈስ ሆነ።

መርማሪዎ በዚህኛው ጊዜ መላ አላጡም። ጎንበስ ብለው እናቴን አዩና፣ ችግሩ ከመኪናው ሳይሆን ከተሳፋሪ፣ በተለይም እማማ በአፋቸው ስለሚተነፍሱ መሆኑን አስረዱኝ። ክፋት የለባቸውም፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የነገሩኝ፤ ምን ይሆናል፣ የእናቴ ጆሮ ደህና ነው። ከዚያች ደቂቃ ጀምራ ሻርፗን አፏ ላይ አድርጋ ትንፋሿን እየቆጠበች ተቀመጠች። ኧረ ተይ እማዬ ብላት እጇን አወናጨፈችብኝ። አፈርኩም፣ ተናደድኩም። ወርጄ እንዳልጮህ ደንብ አለ፤ መስኮት እንዳልከፍት ደንብ አለ። መሪዬን ጨብጬ ቁጭ አልኩ። መኪናው ዳግመኛ ወደቀ፤ ያም ማክሰኞ እንደ ፊተኛው አለፋት።

4ኛ. በሦስተኛው ማክሰኞ ልብሷን ላለብሳት ስገባ እናቴ ከአልጋዋ አልነሳም አለች።

«የእኔ ትንፋሽ ነው ያሰረህ። ዛሬ ብቻህን ሂድና እለፍ፤ ስትመለስ ትወስደኛለህ» አለችኝ።

ተከራከርኳት፤ አሸነፈችኝ። ግቢዎ ውስጥ ብቻዬን፣ በአፍንጫዬ ብቻ፣ በቁጥብነት ተነፈስኩና አለፍኩ። መርማሪዎ እንኳን ደስ ያለህ ብለው ጨበጡኝ፤ በምስክር ወረቀቱ የአስተያየት ቦታ ላይም «የእርጥበቱ መንስኤ ተወግዷል» ብለው ፈረሙበት።

ቤት ስደርስ የእርጥበቱ መንስኤ ጋደም ማለት አቅቷት፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ አየር ስትፈልግ አገኘኋት። ሐኪሙ እጥበቱ ስላመለጣት ሳንባዋ ውሃ ቋጥሯል አለኝ። አሁን ሆስፒታል ተኝታለች።

ስላደረጉልኝ ሁሉ ውለታዎን የምመልስበት ቀን እንዲመጣ እየተመኘሁ፣ ምስክር ወረቀቴን መስታወቴ ላይ ለጥፌ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

የመኪና ወንበር ልብስ ሰፊው፣
ከሆስፒታሉ መኪና ማቆሚያ

ማስታወሻ፦ ሐኪሙ እናቴ በሚቀጥለው ሳምንት ትወጣለች ብሎኛል። ወደ ቤት የምወስዳት በዚሁ መኪና ነው። መንገዱን ሙሉ ትተነፍሳለችና ለክቡርነትዎ ከወዲሁ አሳውቃለሁ።