ዳረል ፒኬት ሕመሙን አልደበቀም

እ.ኤ.አ. ማርች 17 ቀን 2025

ለታርሊ ክሪክ ኮሌጅ የስፖርት ክፍል ኃላፊ
ለክብርት ወ/ሮ ጃኒስ ማክኤልሮይ
አርካንሳስ

ጉዳዩ፦ በቤዝቦል ቡድናችን ወርዋሪ በዳረል ፒኬት ላይ የተሰጠው ውሳኔ እንዲነሣ፣ በአዲሱ አሰልጣኝ ሥር ስለ ዘንድሮው የውድድር ዘመን መጀመሪያም እውነቱ እንዲሰማ ስለመጠየቅ

ክብርት ሆይ፤

እኔ አመልካች ዌስሊ ታርቨር የኮሌጁ የአራተኛ ዓመት ተማሪ ስሆን፣ እስካለፈው ሳምንት ድረስ የቡድኑ አምበል ነበርኩ። ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብዬ የዳረልን ኳስ ሦስት ዓመት የቀለብኩትም እኔ ነኝ። ስለዚህ ከዚህ በታች የማቀርበው ከሰው የሰማሁትን ሳይሆን ያየሁትን ነው።

1. አዛውንቱ አሰልጣኛችን አቶ ቦይድ ጡረታ በወጡ ጊዜ፣ ቢሮዎ ድረስ መጥተን ረዳታቸው አቶ ረስ ሆሊስተር እንዲሾሙልን የለመንነው እኛው ተጫዋቾቹ ነበርን። እርስዎም ፈገግ ብለው፣ «አሰልጣኝ በተጫዋች ሲመረጥ ገና አሁን አየሁ» ብለውን ነበር። የለመንነው ያለ ምክንያት አልነበረም። አቶ ሆሊስተር አባቴ በሞተ ጊዜ ከአጎቶቼ ጋር ሬሳ ሳጥኑን የተሸከሙ ሰው ናቸው። ዳረልን እናቱ ቤት ድረስ ሄደው የመለመሉትም እሳቸው ናቸው። ወ/ሮ ሎሬታ ፒኬት ያቀረቡላቸውን የአምባዛ ጥብስ በልተው ሲወጡ፣ በረንዳው ላይ ቆመው «የልጅዎ ክንድ እኔ ዘንድ የልጄ ክንድ ማለት ነው» ብለዋቸዋል። ይህን ቃል ዳረል እየደጋገመ ይነግረን ስለነበር ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን።

2. ስለ ቡድኑ ሁኔታ ሲጠየቅ ሐቁን መናገር ይገባል። ከተጫወትናቸው አሥራ አራት ግጥሚያዎች የተሸነፍነው በሦስቱ ብቻ ነው። አምና በዚህ ወቅት የሜዳችን ወንበሮች የርግብ ማረፊያ ነበሩ፤ ዘንድሮ ሰው መቀመጫ አጥቶ አጥር ተደግፎ ያያል። መቺዎቻችን ትዕግሥት ተምረዋል፤ ሯጮቻችን ደፍረዋል። ይህ የአቶ ሆሊስተር ሥራ ነው፤ አልክድም። ነገር ግን ድሉ በተደጋገመ ቁጥር ሰውየው እየተለወጡብን መጡ። ድሮ ከልምምድ በኋላ «ክንድህ እንዴት ዋለ?» ይሉ የነበሩት፣ አሁን ጥያቄያቸው «ቅዳሜ አለህ አይደል?» ብቻ ሆነ። ደከመኝ ያለ ልጅ በማግሥቱ ራሱን ተጠባባቂ ወንበር ላይ ያገኘዋል። ይህን እያየን ዝም አልን። ማሸነፍ አፍ ያስይዛል።

3. በፌብሩዋሪ መጨረሻ፣ ሐሙስ ዕለት በልምምድ ላይ፣ ዳረል እኔ አጠገቡ ቆሜ ለአሰልጣኙ እንዲህ አላቸው፦ «ኮች፣ ትንሿ ጣቴና ቀጥላ ያለችው ይደነዝዙኛል። ክርኔም ውስጥ ውስጡን ይወጋኛል።» አቶ ሆሊስተር ሳቁና «በዚህ ብርድ የኔም ደንዝዘዋል! ጓንትህን አድርግ» አሉት። ዳረልም አብሮ ሳቀ። ምን ያድርግ? ሐኪም ዘንድ እንዲሄድ አልተላከም።

4. ቅዳሜ ከጎረቤት ኮሌጅ ጋር ስንጫወት በአንድ ነጥብ እየመራን ስድስተኛው ዙር ደረሰ። የዳረል ኳስ መዳፌ ላይ ስታርፍ እንደ ወትሮው አታቃጥልም ነበር። እኔ እጄን ዘርግቼ ወዲህ ስጠብቃት እሷ ወዲያ ትሄዳለች። ጨዋታውን አስቁሜ ወደ መወርወሪያው ጉብታ ወጣሁ። አሰልጣኙም መጡ። ሁለት የሜዳ ተጫዋቾችም ተጠጉ። ዳረል ኳሷን በግራ እጁ ይዞ፣ «ኮች፣ አልቻልኩም። ክርኔ ተቃጠለ። ያውጡኝ» አለ። ያለው ይኸው ነው፤ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም።

አቶ ሆሊስተር አንገቱን አቅፈው፣ «አንድ መቺ ብቻ፣ የኔ ልጅ። ይህን ብቻ አስወጣልኝና ታርፋለህ» አሉት።

እኔም «ኮች፣ ልጁ ታሟል እኮ» አልኩ።

«አንተ ቅለብ!» አሉኝ።

ወደ ቦታዬ ተመልሼ ቁጢጥ አልኩ። በሦስተኛው ውርወራ ኳሷ ከመቺውም ከእኔም ራስ በላይ አልፋ አጥሩን መታች። ቀና ስል ዳረል ተንበርክኳል። ክንዱን ሆዱ ላይ አጥብቆ እንደ ታቀፈ ሕፃን ይዞት ነበር። የክርኑ ጅማት ተበጥሶ ባለፈው ሳምንት ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል። ዳግመኛ ይወርውር አይወርውር ሐኪሞቹ አያውቁም።

5. እስከዚህ ድረስ ያለውን ስሕተት ነው ብዬ ባለፍኩት ነበር። አሰልጣኝም ሰው ነው፤ በድል ስካር ይሳሳታል። ሰኞ ዕለት ግን አቶ ሆሊስተር ለከተማችን ጋዜጣ «ልጁ ሕመሙን ደበቀን። ጀግንነት መስሎት ነው፤ ቢነግረኝ ኖሮ ያን ቀን ኳስ አላስነካውም ነበር» ብለው ተናገሩ። ይህን ቃል መሠረት አድርጎም ክፍልዎ፣ ዳረል ጉዳቱን ባለማሳወቁ ደንብ እንደጣሰና የነፃ ትምህርት ዕድሉ ለከርሞ እንደማይታደስለት ጽፎለታል።

ጋዜጣውን ካነበብኩ በኋላ የአሰልጣኙን ቢሮ አንኳኳሁ። «ኮች፣ ነግሮዎታል እኮ። እኔም እዚያው ነበርኩ» አልኳቸው።

«ቁጭ በል፣ ዌስ» አሉኝ። ቆሜ ቀረሁ። «ያ ሁሉ ሰው እየጮኸ አንተ ምን ሰማህ? ምንም አልሰማህም። ስማኝ፤ የትልልቆቹ ክለቦች መልማዮች በኤፕሪል ይመጣሉ። ስለ አንተ የሚጠይቁት እኔን ነው። ምን ብዬ ልንገራቸው?»

የአባቴን ሬሳ የተሸከመው ትከሻ ከፊቴ ነበር። ክብርት ሆይ፣ በዚህ ማመልከቻ ውስጥ «አቶ» እና «እሳቸው» እያልኩ የምጽፈው ሥርዓቱ ስለሚያዝዘኝ ነው።

6. ከዚያ ዳረልን ልጠይቅ ሄድኩ። እናቱ በር ከፍተውልኝ፣ ሳይቀመጡ፣ «ያ አሰልጣኛችሁ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ በላ እኮ! ሁለቴ ይጨምሩልኝ ብሎ በላ!» አሉ። ደጋግመው የተናገሩት ይህንኑ ብቻ ነበር። ዳረል ግን ቀለደብኝ፦ «ና እስቲ፣ በግራዬ ጥርሴን ስፍቅ እይና ሳቅ። አፍንጫዬን ነው የማጸዳው።» ስወጣ እስከ መኪናዬ ሸኝቶኝ፣ «ተወው በቃ። አንዳችን እንኳን እንለፍ» አለኝ። አልተውኩትም። በማግሥቱ ለአቶ ሆሊስተር የሰማሁትን ለክፍልዎ እንደምናገር ነገርኳቸው። በዚያው ቀን አምበልነቴ ተነሣ፤ ከቋሚ ተሰላፊነትም ወጣሁ።

ስለዚህ፦

ሀ) በዳረል ላይ የተሰጠው ውሳኔ ተነሥቶ፣ ትምህርቱን እስኪጨርስ ዕድሉ እንዲጠበቅለት፤

ለ) እኔና ጉብታው ላይ አብሮን የነበረው ኩዊን ሳተርሊ፣ አቶ ሆሊስተር ባሉበት፣ ፊት ለፊት ቃላችን እንዲወሰድ። ጉብታው ላይ የነበረውን ሌላውን የሜዳ ተጫዋች ስሙን አልጠራም፤ እሱም ኤፕሪልን እየጠበቀ ነው፤ አልፈርድበትም፤

ሐ) አሰልጣኙ የተናገሩትን በዚያው ጋዜጣ እንዲያርሙ፤ ከእንግዲህም ታመምኩ ያለ ተጫዋች ይሰለፍ አይሰለፍ የሚወስነው ሐኪም እንዲሆን፤

በትሕትና እጠይቃለሁ። ይባረሩ አላልኩም። ያን እርስዎ ያውቃሉ።

ትናንት እሑድ በሜዳችን ተጫውተን ነበር። ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀምጬ አየሁ፤ አሸነፍን። ልጆቹ ሜዳ መሀል ተቃቅፈው ሲዘሉ ቀና ብዬ ተመልካቹን ሳይ፣ ዳረል ክንዱን በጨርቅ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ቆሟል። ማጨብጨብ ስላልቻለ በግራ እጁ ጭኑን እየመታ የእያንዳንዳችንን ስም ይጠራል። ከእኛ ደበቀ የተባለው ይህ ልጅ ነው።

ፍርድዎን በአክብሮት እየጠበቅሁ፣ ከሰላምታ ጋር

ዌስሊ ታርቨር
(ፊርማ)

ግልባጭ፦
ለወ/ሮ ሎሬታ ፒኬት
ለአቶ ረስ ሆሊስተር